በጠራ ውሃ ውስጥ ብረት ያየው መምህር
(የሮበርት ቡንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ)

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይባላል፤ ልፋቱ ብዙ፣ ፍሬው ባዶ ለማለት ነው። ዛሬ በዚህ ዓምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሰው ግን ከ40,000 ሊትር በላይ ውሃ አትንኖ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያላወቀውን ብረት አስተኔ ከውሃው አወጣ። ሰውየው ሮበርት ቪልሄልም ቡንሰን ይባላል። ስሙ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የኬሚስትሪ መምህሮቻችን ሲለኩሱት ያየነው፣ ላቦራቶሪ ያልነበረንም በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የተዋወቅነው የጋዝ ማንደጃ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ታዲያ ዕቃውን እንጂ ሰውየውን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ታሪኩን ለመጻፍ ያነሣሣን ግን የማንደጃው ነገር ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ ተመድበን የምናስተምረው በቡልቡላ፣ በባቱ፣ በመቂ፣ በአዳማ ዙሪያና በመሳሰሉት የስምጥ ሸለቆ ትምህርት ቤቶች ነው። በዚህ ምድር ውሃ ተገኘ ወይ ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በተገኘው ውሃ ውስጥ ምን አለ የሚል። ዓይን፣ ምላስና አፍንጫ መመለስ ያቃታቸውን ይህን ጥያቄ ለመመለስ መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ቡንሰን ነው። በጽሑፋችን የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንድትገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቡንሰን የተወለደው በማርች ወር 1811 በጀርመን አገር፣ ጎቲንገን በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነው። ከአራት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህርና የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስለነበር ልጁ ያደገው በመጻሕፍት መካከል ነው ማለት ይቻላል። በ1828 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኬሚስትሪ ያጠናው በፍሪድሪክ ሽትሮማየር ሥር ነበር። ይህ መምህሩ በ1817 ካድሚየም የተባለውን ብረት ያገኘ ሰው ነው። ካድሚየም ዛሬ በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዳይገኝ ከሚፈለጉት መርዛማ ብረቶች አንዱ መሆኑን ስናስብ፣ ተማሪው ከመጀመሪያው በምን ዓይነት እጅ ሥር እንደወደቀ እንረዳለን።

ቡንሰን ገና በሃያ ዓመቱ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። ከዚያም በጀርመን፣ በፈረንሳይና በኦስትሪያ እየተዘዋወረ ፋብሪካዎችንና የማዕድን ቦታዎችን ጎበኘ፤ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ኬሚስቶች ጋርም ተዋወቀ። ተመልሶም በጎቲንገን ማስተማር ጀመረ።

ከአርሴኒክ ጋር የገጠመው ትግል

ወጣቱ መምህር መጀመሪያ የመረጠው ምርምር ቀላል አልነበረም። አርሴኒክ በዚያን ጊዜ የታወቀ የነፍሰ ገዳዮች መርዝ ነበር። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በምግብም በመጠጥም ገብቶ ሰው ይጨርሳል። በ1834 ቡንሰን ከሐኪሙ ከአርኖልድ በርትሆልድ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። ከብረት፣ ከኦክስጅንና ከውሃ የተሠራ፣ ዝገት የሚመስል ቡናማ ዝቃጭ አርሴኒክን ይዞ እንደማይለቅ አረጋገጠ። መርዝ የወሰደ ሰው ቶሎ ብሎ ይህን ዝቃጭ ከዋጠ፣ መርዙ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ወደ ደም ሳይገባ ሊወገድ ይችላል ማለት ነው። ለአርሴኒክ ማርከሻ ተገኘ። ነገሩ በዚያ ዘመን የቀረ እንዳይመስለን፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች አርሴኒክን ከመጠጥ ውሃ ለመለየት ከሚሠሩት ማጣሪያዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ የብረት ኦክሳይድ ባሕርይ ነው።

በ1836 ወደ ካሰል ከተማ ተዛውሮ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ማስተማር ያዘ፤ በ1839 ደግሞ ወደ ማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በእነዚህ ዓመታት የመረመረው ካኮዲል የሚባለውን የአርሴኒክ ውሕድ ቤተሰብ ነው። ውሕዶቹ ሽታቸው የሚያጥወለውል፣ አየር ሲነካቸው የሚቀጣጠሉ፣ እጅግም መርዘኞች ነበሩ። አንድ ቀን የያዘው ዕቃ ፈንድቶ የብርጭቆ ስብርባሪ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። በመርዙም ለሞት ተቃርቦ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓለምን የተመለከተው በአንድ ዓይን ነው። በኋላ ሰዎች ሁሉ ያላዩትን ያየው በዚያችው በቀረችው ዓይኑ መሆኑ ያስደንቃል።

በአይስላንድ ፍል ውሃ አጠገብ

በ1846 ቡንሰን ወደ አይስላንድ ደሴት ተጓዘ። ሄክላ የተባለው እሳተ ገሞራ ከአንድ ዓመት በፊት ፈንድቶ ስለነበር ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን ተልኮ ነበር። በዚያ አገር ፍል ውሃ ከመሬት ውስጥ እየተወረወረ ወደ ሰማይ ይወጣል። ቡንሰን ቴርሞሜትር በገመድ እያሰረ ወደ ጉድጓዱ አወረደና ሙቀቱን በየጥልቀቱ ለካ። ከታች ያለው ውሃ በላዩ ባለው ውሃ ክብደት ስለሚጫን ከ100 ዲግሪ በላይ እየሞቀ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል፤ ጫናው ቀለል ባለ ጊዜ ግን በአንድ አፍታ ፈልቶ ይፈነዳል። ይህንን አስረዳ።

ለእኛ ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ሐሳቡ ነው። ፍል ውሃው መነሻው ዝናብና በረዶ እንደሆነ፣ በውስጡ የሚገኘውም ጨውና ማዕድን ሙቁ ውሃ ከዐለቱ እያሟሟ ያመጣው እንደሆነ ተናገረ። የሻላንና የላንጋኖን ዳርቻ ፍል ውሃዎች ያየ ሰው ይህ አነጋገር እንግዳ አይሆንበትም። የኛም ስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዐለትና አመድ የተሞላ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ በዐለቱ መካከል ሲያልፍ ይሞቃል፣ ያሟሟል፣ ይሸከማል። ከጉድጓድ ተቀድቶ ወደ እንስራ ሲገባ የተሸከመውን ይዞ ነው።

ማንደጃውና ቀለማቱ

በ1852 ቡንሰን ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እስከ ጡረታው ድረስ ለ37 ዓመት ያስተማረው እዚያ ነው። አዲስ ላቦራቶሪ ሲሠራለት ጋዝ በቧንቧ ገባ። ነገር ግን የዘመኑ ማንደጃዎች ጥላሸት የሚያበዙ፣ ነበልባላቸው ቢጫ ብርሃን የሚረጭ ነበሩ። ቡንሰን ጋዙ ከመቀጣጠሉ በፊት ከሥር በኩል ከአየር ጋር ቢቀላቀል የተሻለ እንደሚሆን አሰበ። የዩኒቨርሲቲው የዕቃ ሠሪ ፔተር ዴዛጋ በ1855 ሐሳቡን በእጁ ሠርቶ አሳየ። እንግሊዛዊው ፋራዴይም ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር። አዲሱ ማንደጃ ጥላሸት የሌለው፣ ሙቀቱ የበረታ፣ ነበልባሉ ቀለም አልባ ለመሆን የቀረበ ሆነ። ቡንሰን ከዚህ ሥራ ገንዘብ ላግኝ ብሎ የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ ማንም እንደልቡ እንዲሠራው ተወው።

ቀለም አልባ ነበልባል ምን ይጠቅማል? በነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፊደል ጎልቶ እንደሚነበብ ሁሉ፣ ቀለም በሌለው ነበልባል ላይም የብረቶች ቀለም ጎልቶ ይታያል። ሶዲየም ቢጫ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ስትሮንሽየም ደማቅ ቀይ ያደርገዋል። ችግሩ ብዙ ብረቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የሶዲየም ቢጫ ሌሎቹን ሁሉ ይውጣቸዋል። ቡንሰን ባለ ቀለም መስተዋት በመካከል እያደረገ ሊለያቸው ይታገል ነበር።

እዚህ ላይ ድር ቢያብር የተባለው ደረሰ። የሥራ ባልደረባው የፊዚክስ መምህር ጉስታቭ ኪርኾፍ፣ ያው በኤሌክትሪክ ሕጎቹ የምናውቀው ሰውዬ፣ ብርሃኑን በመስተዋት ከመመልከት ይልቅ በፕሪዝም አሳልፈን እንበትነው የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁለቱ ሆነው በ1859 ስፔክትሮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ አቀናጁ። በመሣሪያው ውስጥ ሲመለከቱ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆኑ ደማቅ መስመሮች እንዳሉት አዩ። መስመሮቹ እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

መሣሪያው ምን ያህል ስሜታም እንደነበር ለማወቅ በክፍሉ አንድ ጥግ ጥቂት ሚሊግራም የሶዲየም ውሕድ አፈነዱ፤ ራሳቸው በሌላው ጥግ ሆነው ነበልባሉን ተመለከቱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሶዲየም መስመር ቦግ አለ። አስልተው ሲያዩት ከአንድ ሚሊግራም 3,000,000ኛ እጅ ያነሰ ሶዲየም ለመታየት በቂ ሆኖ ተገኘ። እስኪ አስቡት! ሚዛን የማይሰማውን፣ እጅ የማይዳስሰውን ነገር ብርሃን አጋለጠው።

ከውሃው የወጣው ሰማያዊ

ቡንሰን ይህን መሣሪያ ይዞ ወደ ውሃ ፊቱን አዞረ። ዱርክሃይም ከሚባል ስፍራ የመጣ የማዕድን ውሃ ነበር። ከውሃው የተረፈውን ጨው በነበልባሉ ላይ አድርጎ ሲመለከት የሶዲየሙንም፣ የፖታሲየሙንም፣ የሊትየሙንም መስመሮች አወቃቸው። ነገር ግን ከእነርሱ ሌላ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። በዚያን ጊዜ ከታወቁት ንጥረ ነገሮች እነዚህ መስመሮች ያሉት አንድም አልነበረም።

ታዲያ ማየት ብቻ መች አረካው! በእጁ ሊይዘው ፈለገ። ለዚህም ነው ከ40,000 ሊትር በላይ ውሃ እንዲተን የተደረገው። ከዚያ ሁሉ ውሃ፣ ሌላው ሌላው ጨው እየተለየ ሲወጣ፣ በመጨረሻ የተገኘው የአዲሱ ብረት ጨው 7 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የሚሞላ አይመስለንም። ይህ በ1860 ሆነ። ቡንሰን ስሙን ሲዚየም አለው፤ በላቲን ሰማያዊ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1861 ደግሞ በቀይ መስመሮቹ የተለየውን ሩቢዲየም አገኙ። ሌሎች ተመራማሪዎችም በዚሁ መንገድ ታልየምንና ኢንድየምን አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ውሃው ሲተን ብረቱ አብሮ አልተነነም። ውሃው ሄደ፣ ብረቱ ቀረ። በኋላ እንመለስበታለን።

መምህሩ ቡንሰን

ቡንሰን ሚስት አላገባም፤ ቤቱም ቤተሰቡም ላቦራቶሪው ነበር። ጠዋት ያስተምራል፣ ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተዘዋወረ ሥራቸውን ይመለከታል፣ በገዛ እጁም ያሳያቸዋል። ጣቶቹ እሳት ከመልመዳቸው የተነሣ የጋለ ብርጭቆ ሲይዝ አይደነግጥም ነበር ይባላል። ያለ ሙከራ የሚያስተምረው ትምህርት አልነበረም ለማለት ይቻላል። ራሱ ያገኘውን ነገር ሲያስተምር ስሙን ሳይጠራ እንዲህ ተገኘ ብሎ ያልፋል፤ የሌሎችን ሥራ ሲያነሣ ግን ባለቤቱን ሳይጠቅስ አያልፍም። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ጨዋነት አለ?

ከተማሪዎቹ መካከል እንግሊዛዊው ሮስኮና በ1905 የኖቤል ሽልማት ያገኘው አዶልፍ ፎን ባየር ይገኙበታል። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በየፊናቸው ያዘጋጁት ሎታር ማየርና ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭም ሁለቱም በሃይድልበርግ ያለፉ ናቸው።

ሰው ነውና ጉድለትም ነበረበት። ሴት ተማሪ ወደ ላቦራቶሪው እንድትገባ አይፈቅድም ነበር። ሩሲያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ግን ለጓደኛዋ ለዩሊያ ሌርሞንቶቫ ለምና ተከራክራ አስፈቀደችላት፤ ሌርሞንቶቫም በኋላ በኬሚስትሪ ዶክትሬት ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። የተዘጋ በር የሚከፈተው የሚያንኳኳ ሲኖር መሆኑን እህቶቻችን ልብ ይሏል።

ትዕግሥቱንም እናንሣ። በ1874 ብዙ የደከመበት፣ ሊጠናቀቅ የደረሰ የምርምር ጽሑፉ በጠረጴዛው ላይ እንዳለ ተቃጥሎ አመድ ሆነ። ዕድሜው ስልሳን አልፎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ይል ነበር። እርሱ ግን ከሀ ጀምሮ እንደገና ሠራና በዓመት ገደማ ውስጥ ጨረሰው።

ቡንሰን በ1889፣ በ78 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ኦገስት 16 ቀን 1899 በ88 ዓመቱ በሃይድልበርግ ዐረፈ።

ትቶልን የሄደው

ዛሬ የውሃ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ ምን ይደረጋል? በብዙ ቦታ የሚሠራበት አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው መሣሪያ ነው። ውሃው እንደ ጉም ሆኖ ወደ ነበልባል ይረጫል፤ የሚፈለገው ብረት ብርሃን በነበልባሉ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ብረቱ በውሃው ውስጥ ካለ ከራሱ ብርሃን የተወሰነውን ይውጣል። ምን ያህል ብርሃን እንደጎደለ ሲለካ ምን ያህል ብረት እንዳለ ይታወቃል። ይህን ዘዴ በ1955 ያስተዋወቀው በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው አላን ዋልሽ ነው፤ መሠረቱ ግን የቡንሰንና የኪርኾፍ ነበልባልና መስመር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ አርሴኒክ በሊትር ከ0.01 ሚሊግራም፣ እርሳስም ከዚያው፣ ካድሚየም ከ0.003 ሚሊግራም እንዳይበልጡ ይላል። እንዲህ ያለውን ጥቂት ነገር ያለ መሣሪያ ማን ያየዋል?

ካልተመረመረስ ምን ይመጣል? ባንግላዴሽን እንመልከት። ሕዝቡ የቆሸሸ የኩሬ ውሃ እየጠጣ በተቅማጥ እንዳያልቅ ተብሎ በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ ጉድጓዶች በብዛት ተቆፈሩ። ውሃው ጠርቶ ወጣ፤ ሰውም ተደሰተ። አርሴኒክ ይኖርበት ይሆን ብሎ ግን የመረመረ አልነበረም። በ1993 ነገሩ ሲታወቅ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ለዓመታት መርዝ ሲጠጡ ቆይተዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች የታወቀው ችግር ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ ብረት አይደለም፤ ከዚያው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ግን ይመጣል። መመሪያው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ ከዚያ በብዙ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለረጅም ዘመን ሲጠጣ አጥንትንም ያጎብጣል። በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰው በሐኪሞች ተጠንቷል። በዚሁ ሸለቆ ባሉ አንዳንድ ጉድጓዶች አርሴኒክ ከመመሪያው በላይ መገኘቱንም ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በዚህ ላይ ሰው የሚጨምረው አለ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሳይጣራ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ የሚያስከትለው ችግር በሞጆና በአቃቂ ወንዞች የተጠና ነው።

እኛ ምን እናድርግ?

መምህር ሐኪም አይደለም፤ መሐንዲስም አይደለም። ነገር ግን በቡልቡላም ሆነ በሌላ ቀበሌ ሕዝቡ ምክር ሲፈልግ ከሚጠይቃቸው ሰዎች አንዱ መምህሩ ነው። እንግዲህ ሦስት ነገር አውቀን እንሂድ።

አንደኛ፣ የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የደፈረሰውን ሰው ራሱ ይጠነቀቀዋል፤ የሚያታልለው የጠራው ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃ ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ስለዚህ ማፍላቱን አስተምረን መተው የለብንም። ብረትንና ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ቡንሰን እንዳሳየን ውሃው ሲተን እነርሱ ይቀራሉ፤ እንዲያውም ብዙ ሲፈላ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛሉ። ይህን ለተማሪ ለማሳየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በሁለት ንጹሕ ሳህን፣ በአንዱ የዝናብ፣ በሌላው የጉድጓድ ውሃ እኩል ለክቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሲደርቅ በአንዱ ምንም ያህል አይቀርም፤ በሌላው ነጭ ዱቄት ይቀራል። በማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውም ይኸው ነው። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ጨውና ኖራ መሰል ነገር ስለሆነ ልጆቹን አናስደንግጣቸው። መርዝ ይኑር አይኑር ሳህኑ አይናገርም፤ ውሃ የተሸከመው ነገር እንዳለ ብቻ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ መርዙን የሚናገረው ምርመራ ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ለጀርም ብቻ ሳይሆን ለፍሎራይድና ለብረታ ብረትም ተመርምሯል ወይ ብሎ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው፤ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ለመምህር አይከብድም። ለብረት ምርመራ የሚወሰድ ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ ሆኖ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውጤቱ ያሳስታል። ስለዚህ በማንም እጅ፣ በማንኛውም የዘይት ጀሪካን የሚላክ አይደለም፤ በባለሙያ ይወሰድ።

ቡንሰን አንድ ዓይኑን በአርሴኒክ ምክንያት አጥቶ ለሰው ልጅ ሌላ ዓይን ሰጠ። እኛ በምንሄድባቸው ትምህርት ቤቶች ምናልባት የጋዝ ማንደጃ አናገኝ ይሆናል። ሁለት ሳህን፣ ፀሐይና ጠያቂ ልጅ ግን የማይገኝበት ትምህርት ቤት የለም። ከዚያ እንጀምር።